ከዋናው ቀድሞ የሞተው ተጠባባቂ

ድሬ ላይ መብራት ሲጠፋ ብዙም አንደነግጥም፤ የሚያስፈራው ሲመጣ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ፣ የቁልቢ ተጓዦች ከተማውን በሞሉበት ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደና ተመለሰ። አመላለሱ ግን ከባድ ነበር። ከዚራ ውስጥ ሒሳብ የምሠራላት አንዲት ትንሽ ቢሮ አለች። 15 የሚሆኑ ሠራተኞች ፋይላቸውንም ኢሜይላቸውንም የሚያስቀምጡት ከጠረጴዛ ሥር ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ ተምሬ ኮምፒውተር መነካካት የማይሰለቸኝ ሰው ነኝ። ኃላፊዋን አሳምኜ ሁለተኛ ማሽን አስገዛሁ፣ አጠገቡ አስቀመጥኩት፣ አንደኛው ሲወድቅ ሌላኛው በራሱ እንዲነሳ አድርጌ አስተካከልኩት። ጉራዬንም በደንብ ነዛሁ።

ሁለቱን የሰካኋቸው ግን አንድ ዲቫይደር ላይ ነበር። አብረው ተቃጠሉ።

የሁለት ዓመት ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ የደመወዝ ሰንጠረዥ፣ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ሄደ። ግማሹን ከሠራተኞች ስልክና ፍላሽ እየለቃቀምን መለስን። ግማሹ እስከዛሬ የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ሁለት ማሽን አለን ብለን ተኝተን ነበር፤ የነበረን ግን ሁለት ቦታ የተቀመጠ አንድ ማሽን ነው።

ያን ማታ የምሠራው ሥራ ስላልነበረኝ (በምን ልሥራ?) ስልኬ ላይ ስለ ራስ መኮንን ማንበብ ጀመርኩ። ምክንያቱ ቁልቢ ነው። የቁልቢ ገብርኤልን ያሠራው እሱ ነው፤ የሞተውም እዚያው ቁልቢ ነው። እሱ እያልኩ መጻፌን ይቅር በሉኝ፤ የድሬ ልጅ አንቱታ እንደማይሆንለት አገር ያውቃል። ሳነብ ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ቢሮ ውስጥ ያበላሸሁትን ነገር፣ ይኸውም ዋናው ቢወድቅ ማን ይነሳል የሚለውን ጥያቄ፣ የዚህን ሰውዬ ሕይወት ያህል ያስረዳኝ የኮምፒውተር መጽሐፍ የለም። መኮንን የምኒልክ መንግሥት ተጠባባቂ ሰርቨር ነበር።

መኮንን ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዴሳ፣ እናቱ ደግሞ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው። ምኒልክ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ስለሆነ፣ መኮንን የአክስቱ ልጅ ነው ማለት ነው፤ በዕድሜ 8 ዓመት ገደማ ይበላለጣሉ። መኮንን ገና በልጅነቱ ምኒልክ ግቢ ገብቶ እዚያው አደገ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ተጠባባቂ የሚባል ነገር ዋናው የሚያውቀውን ማወቅ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ አብሮ ከመዋል የተሻለ መንገድ የለም።

በጥር 1879 ዓ.ም. ምኒልክ በጨለንቆ የአሚር አብዱላሂን ጦር አሸንፎ ሐረርን ያዘ። ለሐረሪዎች ይሄ እስከዛሬ የሚያም ታሪክ ነውና ዝም ብዬ ባልፈው ደስ አይለኝም። ምኒልክ ወደ ሸዋ ሲመለስ ከተማዋን የሰጣት ለመኮንን ነው፤ ዕድሜው ያኔ 34 ነበር። በኢኮኖሚክስ ዓይን ካየነው የተሰጠው የአገሪቱ ዋና በር ነው። ቡናው የሚወጣው፣ ጠመንጃው የሚገባው በዚያ ነው። ከምኒልክ ጋር ግን በመሀላቸው የብዙ ቀን የእግርና የበቅሎ መንገድ አለ። የሆነ መርከብ የባሕር ዳርቻ ላይ ደርሶ ዛሬውኑ መልስ ቢፈለግ፣ መልእክተኛ ሄዶ እስኪመለስ ነገሩ ያልፍበታል። ስለዚህ መኮንን ንጉሡ ቢኖር የሚወስነውን ውሳኔ እዚያው ሆኖ መወሰን ነበረበት። ወሰነም፤ ለ19 ዓመት።

አሁን ወደ አስገራሚው ክፍል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረመ። ጉዳዩን ጣሊያን አገር ድረስ ሄዶ እንዲፈጽም የተላከው መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1889 ኔፕልስ ላይ ተጨማሪ ስምምነት ፈረመ፤ በውስጡ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረበት። መያዣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሐረር ጉምሩክ ገቢ። ብድሩ ካልተከፈለ ሐረር ለጣሊያን ትሰጣለች ማለት ነው። መኮንን የሚያስተዳድራትን ከተማ አስይዞ ነው የፈረመው። ብድሩ በኋላ ተከፈለ እንጂ፣ እኔ ይህን ሳነብ ላቤ ነው የመጣው። የአገር ገንዘብና የአገር በር አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተው!

ከብድሩ የባሰው ግን ውሉ ራሱ ነበር። ሁለት ቅጂ አለው፣ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በጣሊያንኛ። ሁለቱ አንድ መሆን ነበረባቸው። አንቀጽ 17 ላይ ግን አማርኛው ምኒልክ ከፈለገ ከሌሎች ነገሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ ይችላል ሲል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ኮምፒውተር ቤት ይሄ በጣም የታወቀ በሽታ ነው። ሁለት ሰርቨር አንድ ፋይል ይዘዋል ተብሎ ይታመናል፤ አንድ ቀን ተከፍቶ ሲታይ ይዘቱ ይለያያል። ያን ጊዜ ጥያቄው የትኛው ይበልጣል የሚለው ይሆናል። ጥሩ ባለሙያ ልዩነቱ ሲፈጠር ወዲያው የሚጮህ ነገር ያስቀምጣል፤ ሁለቱን ቅጂዎች በየሰዓቱ እያስተያየ። በውጫሌ ጊዜ ማንም አላስተያየም። ጣሊያን በራሷ ቅጂ መሠረት ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፤ ምኒልክ ደግሞ በራሱ ቅጂ ጸና። የትኛው ቅጂ እንደሚበልጥ የተለየው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ነው።

በዚያ ዘመቻ ፊት ፊት የሄደው ማን ይመስላችኋል? ውሉን ይዞ የተጓዘው ሰውዬ ራሱ። ኅዳር 1888 አምባላጌ ላይ የተሸነፈውን የጣሊያን ጦር የገጠመው ምኒልክ ገና ከኋላ እየመጣ ሳለ በመኮንን በሚመራው ግንባር ቀደም ጦር ነው። ከዚያ መቀሌ፣ ከዚያ አድዋ። ስለ አድዋ ከእኔ የተሻለ የጻፈ ብዙ ሰው ስላለ አልደግመውም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሽቦው ነው። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን ታሪክ ሲነግሩን መኮንን ከጣሊያን ሲመለስ መሣሪያውን ይዞ እንደመጣና ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቆጡ ይጨምሩበታል። ከዚያ በኋላ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራም መስመር ተዘረጋ። መልእክተኛ ስንት ቀን የሚፈጅበት ወሬ አሁን በሽቦ ይሄዳል። ግን የመስመሩን ኑሮ አስቡት። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላዋል። ዝሆን ሰውነቱን ያክበታል። ሽቦው ለአምባር ስለሚያምር ይቆረጣል። አንድ ቦታ ከተቆረጠ 477ቱም ኪሎ ሜትር ዋጋ የለውም። ያኔ በቃ ወደ በቅሎው ነው። የድሮው መልእክተኛ መስመሩ ተዘርግቷል ተብሎ አልተባረረም፤ ፌይልኦቨር የሚሉት እንግዲህ ይሄው ነው። ዋናው ሲቋረጥ ቀርፋፋውም ቢሆን ሌላ መንገድ ሥራውን ይቀጥላል።

ምኒልክ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ጣሊያኖች ከአስመራ አዲስ አበባ ሌላ መስመር ዘረጉለት። አድዋ ላይ የተዋጋቸውን ሰዎች! ነገሩ ሲታሰብ ግን ብልህነት ነው። አንዱ መስመር በምሥራቅ በሐረር በኩል፣ ፈረንሳዮች ወደያዙት ጅቡቲ የሚያመራ፤ ሌላው በሰሜን፣ በጣሊያኖች እጅ። ሁለት አቅጣጫ፣ ሁለት ባለቤት፣ ሁለት ዓይነት ጸብ። አንዱ ቢያኮርፍ ሌላው አለ። እኔ ዲቫይደር ላይ ያልገባኝን ነገር ምኒልክ ከ120 ዓመት በፊት ገብቶት ነበር። ዛሬም የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ወደ ውጭ የሚወጣው በጅቡቲ ብቻ አይደለም፤ በሱዳንና በኬንያም በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1902 መኮንን ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ለንደን ተላከ። በዓሉ ንጉሡ በድንገት ታሞ ቀዶ ጥገና ስላስፈለገው ከሰኔ ወደ ነሐሴ ተላለፈ። ኤድዋርድ ራሱ ከ59 ዓመት በላይ አልጋ ወራሽ ሆኖ የጠበቀ ሰው ነው። መቼም ተጠባባቂነት እንዲህ ይራዘማል ብሎ ማን ያስባል! መኮንንም እዚያ ሆኖ ይህን ሳያስብ የቀረ አይመስለኝም። ምኒልክ ዙፋን የሚወርስ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ከእሱ ቀጥሎ ማን ሲባል አገር ውስጥም ውጭም የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው መኮንን ላይ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ደረሰ። የደረሰው ግን ሐረር አይደለም። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ቢሆንም ተራራው ለሐዲድ ከባድ ነው ተባለና መስመሩ በቆላው በኩል ታጠፈ። የታጠፈበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ። ምኒልክ አዲስ ሐረር ብሎ ነበር የሰየማት፤ ስሙ አልያዘም እንጂ። እንግዲህ የድሬ ልጆች እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከተማችን ራሷ ዋናው መንገድ አልሆን ሲል የተያዘች ሁለተኛ መንገድ ናት። ለዚህ ይሆን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን መሞከር ሲጀምር ከየትም ቀድሞ እዚህ የመጣው? ቀልዴን ነው። ግን ሁለት ሲም ስልክ ለእኛ ሠፈር ከቅንጦት አልፏል።

አሁን ወደሚያሳዝነው። በ1898 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት መኮንን ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተነሳ። መንገድ ላይ ታመመ። ቁልቢ ላይ መጋቢት 13 ቀን አረፈ። 53 ዓመቱ ነበር። ዋናው፣ ምኒልክ፣ ገና በሕይወት ነበር። ተጠባባቂው ቀድሞ ሞተ።

ለዚህ ማንም አልተዘጋጀም ማለት ግን ልክ አይሆንም። መኮንን ራሱ ተዘጋጅቷል። ልጁን ተፈሪን ፈረንሳይኛ እንዲማር አድርጓል፤ ገና በ13 ዓመቱ የደጃዝማችነት ማዕረግ አሰጥቶታል። ችግሩ ልጁ ልጅ መሆኑ ነው። እኛ ቤት ይሄ ፋይል ሳይገለበጥለት የበራ ማሽን ይባላል፤ መብራቱ በርቷል፣ ስሙ አለ፣ ሥራውን ሊረከብ ግን ገና ነው። ሐረር የተሰጠችው ለታላቁ ልጅ ለደጃዝማች ይልማ ሆነ። ይልማ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። ከዚያ ደጃዝማች ባልቻ ተሾመ። በ1902 ዓ.ም. ነው ተፈሪ የአባቱን ቦታ ያገኘው። በአራት ዓመት ውስጥ አራት ገዥ። አንድ ሰው ለ19 ዓመት በጥሩ ሁኔታ ሲሠራ ማንም ስለ ምትክ አይጠይቅም፤ ጥሩነቱ ራሱ ያዘናጋል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የባሰ መጣ። ምኒልክ ታመመ፤ ሰውነቱ እየደከመ መናገርም ተሳነው። በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርጎ፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን ሞግዚት አድርጎ ነበር። ግን ንጉሡ በሕይወት አለ፣ ማዘዝ ግን አይችልም። ሰርቨርም እንዲህ ሲሆን ነው መከራው። ሁለት ማሽኖች በየጥቂት ሰከንዱ አለሁ እያሉ ይላላካሉ፣ እንደ ልብ ትርታ። ትርታው ሲቋረጥ ተጠባባቂው ዋናው ሞቷል ብሎ ይነሳል። ዋናው ግን ያልሞተ፣ መሀል ያለው ገመድ ብቻ የተቆረጠ ቢሆንስ? ሁለቱም እኔ ነኝ ዋናው ብለው ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ፋይሉ ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ ኢሜይሉ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይገባል። በቤተ መንግሥትም በአንድ በኩል እቴጌ ጣይቱ፣ በሌላ በኩል የኢያሱ ወገን ያዙ ነበር፣ እቴጌይቱ በመጋቢት 1902 ከሥልጣን ገለል እስኪደረጉ። (እሳቸውን አንቱ ማለቴን ልብ በሉ። ጣይቱን አንቺ ለማለት የድሬ ልጅም አይደፍርም።) በዓመቱ፣ በሚያዝያ 1903፣ ሞግዚቱ ተሰማ ሞተ። ምኒልክ ያረፈው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ተጠባባቂም ቀድሞ ሄደ ማለት ነው።

መኮንን ቢኖር ኖሮ የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ኢያሱ፣ ከዚያ መስከረም 1909፣ ከዚያ የሰገሌ ጦርነት፣ ያ ሁሉ ደም ላይፈስ ይችል ነበር ወይ? መመለስ አልችልም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስልኩን፣ መንገዱን፣ ባቡሩን፣ ሁሉንም በሁለት በኩል ያሰበ ዘመን፣ ሰውየውን ግን አንድ ብቻ አድርጎ ነበር የያዘው።

ቢሮውን እንደገና ስንሠራ ይህን ሁሉ እያብሰለሰልኩ ነበር። አንዱ ማሽን ከዚራ ቀረ፤ ሁለተኛው ሳቢያን ሄደ፣ የአንድ ሠራተኛ ወንድም ሱቅ ውስጥ። መብራቱ ሌላ መስመር ነው፣ ኢንተርኔቱም የሌላ ድርጅት። ሁለቱም ጋ ዩፒኤስ አለ። ኢሜይሉ ቀላል ነበር። ዶሜይናችን ላይ ሁለት አድራሻ ተመዘገበ፤ ቁጥሩ ያነሰው ቀድሞ ይሞከራል፣ እሱ ካልመለሰ ደብዳቤው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ሁለቱም ቢዘጉ እንኳ ላኪው ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ለተወሰኑ ቀናት እየደጋገመ ይሞክራል። በዚያ በተቃጠለው ሳምንት የደረሰን ደብዳቤ ያልጠፋው ለዚህ ነው፤ እኔ ስላዳንኩት አይደለም። ሁለቱ ማሽኖች እንዳይጣሉ ደግሞ ሦስተኛ፣ ትንሽ፣ ርካሽ ማሽን እንደ ዳኛ አስቀመጥን። ማን ዋና እንደሚሆን የሚወሰነው ሁለት ለአንድ ሲሆን ነው። ሽማግሌ ጎዶሎ ቁጥር ሆኖ እንዲቀመጥ የሚፈለገው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

ከዚህ ሌላ በየሳምንቱ አርብ ሁሉም ነገር ሀርድ ዲስክ ላይ ተገልብጦ፣ በፓስወርድ ተቆልፎ፣ ሐረር አክስቴ ቤት ይወጣል። ምክንያቱም ሁለት ሰርቨር ባክአፕ አይደለም። አንድ ሰው በስህተት ፋይል ከሰረዘ ሁለተኛው ማሽንም ታዝዞ ይሰርዘዋል፣ ያውም ወዲያው። ሌላው ምክንያት ደቻቱ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ወንዙ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ያን ሌሊት የሚያስታውስ የድሬ ሰው ሁሉንም ነገር አንድ ከተማ ውስጥ አያስቀምጥም። መኮንን ከሞተ ልክ 100 ዓመት በሆነው ዓመት ነበር።

ሁሉን ጨርሼ ቁጭ ስል አንድ ነገር ቀረ። ፓስወርዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማሽኑ የት እንዳለ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚነሳ፣ የሐረሩ ዲስክ እንዴት እንደሚከፈት፣ ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። እኔ ባጃጅ ቢገጨኝስ? ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ በአማርኛ፣ ኮምፒውተር ለማያውቅ ሰው በሚገባ ቋንቋ። አንዱን ቅጂ ለገንዘብ ያዧ ልጅ ሰጠኋት፣ ሌላውን ኃላፊዋ ካዝና ውስጥ አስገባነው። ሁለቱን ቅጂዎች መስመር በመስመር አስተያይቻቸዋለሁ፣ የውጫሌን ነገር አልረሳሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬን ዘግቼ ለገሃር ጋ ሻይ ስጠጣ፣ ልጅቷ የከዚራውን ማሽን ገመድ ነቅላ ወረቀቱን እያነበበች ሥራውን ሳቢያን ላይ አስነሳችው። 11 ደቂቃ ፈጀባት። ከዚያ ለ15ቱም ሠራተኞች ኢሜይል ላከች፤ 14ቱ ደረሳቸው። አንደኛው ለምን እንዳልደረሰው እየፈለግን ነው፤ ወረቀቱ ላይ አራተኛው መስመር ላይ ሳልሳሳት አልቀረሁም።